ሰው ሳይጠሩ መዋል፦ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው ቤትን የማመቻቸት የአሠራር መመሪያ

«ወንድማችን በሚቀጥለው ሳምንት ከሆስፒታል ይወጣል፤ የሚመጣው በዊልቸር ነው። ቤቱን ምን እናድርገው?»

ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ወደ እኔ የሚደውሉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ግንበኛ ነኝ፤ ሁለተኛ ከምንሠራው ሕንፃ ላይ ወድቄ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ 14 ዓመት በዊልቸር ላይ ኖሬአለሁ። በስልክ ደጋግሜ የምናገረውን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

የምጽፈው በብዛት ለማያቸው ቤቶች ነው፦ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመ መጸዳጃ፣ ወደ መንገድ የሚያስወጣ የብረት በር። የምድር ቤት ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ መጠኖቹ ያው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለኪያ፦ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ።

30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው ደጃፍ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበትና የሚወርድበት ተዳፋት) ለመሥራት፦ ባለ 50 ኪሎ 6 ከረጢት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ለሙሌት የሚሆን ድንጋይ፣ የእጅ መጥረጊያ፣ ጆንያ።

ለመጸዳጃው፦ ባለ 1 ኢንች የጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ ቱቦላሬ፣ ለመቀመጫ የሚሆን በደንብ የተላገ ጣውላ፣ የሚበይድ ሰው።

ለቤት ውስጥ፦ በሁለት እጅ ሊያዝ የሚችል መስታወት፣ ጠርዝ ያለው ትሪ፣ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አትደናገጡ፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚነግራችሁ ደረጃ 1 ነው።

1. ጥሪዎችን ቁጠሩ

ከግንበኛም ከአናጢም በፊት ደብተር ያዙ። ሁለት ሙሉ ቀንና ሌሊት ባለ ዊልቸሩ ሰው በጠራ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፉ። «ውሃ አቀብሉኝ»፣ «መብራቱን አጥፉልኝ»፣ «በሩን ያዙልኝ»። ሳይጠራ ዘላችሁ የረዳችሁትንም ጨምሩ፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበዛው እሱ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይህ ለምን ይቀድማል? ያለ ዝርዝር የተጀመረ ሥራ ሁልጊዜ ለእንግዳ ዓይን በሚታየው ነገር ላይ ስለሚያልቅ ነው። ደጃፉ ላይ ያማረ ራምፕ አሠርተው ገንዘባቸውን የጨረሱ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ሰውየው ግን በሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ሰው ይቀሰቅስ ነበር። ራምፑ በቀን አንዴ ያገለግላል፤ ሽንት ቤቱ ስድስት ጊዜ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ራሱ ባለ ዊልቸሩ ነው። «የትኛውን ጥሪ ብትገላገል ይሻልሃል?» ብላችሁ እሱን ጠይቁት። መልሱ ያስገርማችሁ ይሆናል። እኔ ያኔ የመረጥሁት የበሩን ቁልፍ ነበር፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ብቻዬን መቀመጥ ናፍቆኝ።

2. ወንበሩንም ሰውየውንም ለኩ

አምስት መጠኖች ትፈልጋላችሁ፦ የወንበሩ ስፋት ከነእጅ መግፊያ ቀለበቶቹ፣ ርዝመቱ ከጫማ ጫፍ እስከ ኋላ ጎማ፣ የመቀመጫው ከፍታ ከነትራሱ፣ ሰውየው ተቀምጦ እጁ የሚደርስበት የመጨረሻው ከፍታ፣ እንዲሁም የክርኑ ከፍታ። አብዛኛው የአዋቂ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ መቀመጫው ከ45 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። በእነዚህ ቁጥሮች ተማምናችሁ ግን ሥራ አትጀምሩ፤ በእርዳታ የሚገኝ ወንበር ብዙ ጊዜ ከሰውየው ይሰፋል።

ቁጥሮቹን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፏቸው። ግንበኛው፣ በያጁና አናጢው በተለያየ ቀን ነው የሚመጡት፤ ሦስቱም አንድ ቁጥር ማየት አለባቸው።

3. ራምፑን በልክ ሥሩ

ስህተት እንደ ራምፕ የሚበዛበት ሥራ የለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት። ደጃፉ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ 45 ከሆነ 5 ሜትር ከ40። «ይህ ሁሉ ለሁለት ደረጃ?» ትላላችሁ። አዎ። ከዚህ ባጠረ ቁጥር የክንድ ጉልበት አይበቃም፤ ወንበሩም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሰው ካልገፋው የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ከጥሪ ዝርዝሩ ላይ ምንም አልቀነሳችሁም።

ግቢው ጠባብ ከሆነ ራምፑን ግድግዳውን አስይዛችሁ አጥፉት፤ መታጠፊያው ላይ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ሜዳ ተዉለት። ከዚያ ያነሰ ቦታ ላይ ወንበር አይዞርም። ከፍታው 15 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ቦታ ከጠፋ በ1 ለ10 ማለፍ ይቻላል፤ 7 ሳንቲሜትር ለምትሆን ትንሽ ጉብታ 1 ለ8 ይበቃል። ከዚያ በላይ መደራደር የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. በሩ ፊት ለፊት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ሜዳ ቸክሉ። ራምፑ የሚጀምረው ከዚህ ሜዳ ጫፍ እንጂ ከበሩ ሥር አይደለም። ተዳፋት ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ሁለት እጁን ይፈልጋል፤ ወንበሩን የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ ደግሞ የለውም።

ለ. ከሜዳው ጫፍ እስከ ራምፑ ማለቂያ ሲባጎ ወጥሩ። ስፋቱ ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን።

ሐ. ግራና ቀኙን በድንጋይ ገንብታችሁ መሐሉን በድንጋይ ሙሉና በደንብ ጠቅጥቁ። ጠቅጥቁ ስል በእግር ርገጡ ማለቴ አይደለም። ያልተጠቀጠቀ ሙሌት በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ኮንክሪትም ይሰነጠቃል።

መ. ላዩን 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ሙሉት፦ 1 ባልዲ ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ውሃ አታብዙ፤ የቀጠነ ኮንክሪት ተዳፋት ላይ ወደ ታች ይፈሳል፣ ሲደርቅም ይደክማል።

ሠ. ሳይደርቅ በመጥረጊያ ወደ ጎን እየጎተታችሁ ገጹን አሻክሩት። ሊሾ በጭራሽ! የእኔን የመጀመሪያ ራምፕ የሥራ ባልደረቦቼ በአንድ ቀን፣ በፍቅር፣ እንደ ሳሎን ወለል ሊሾ አድርገው ሠሩልኝ። ሐምሌ ገብቶ ካፊያ ሲጥል ከበሩ እስከ ግቢው አጥር ያለ ፍሬን ወረድኩ። አፍንጫዬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

ረ. በሁለቱም ጎን ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚደርስ ጠርዝ አውጡ። የፊቷ ትንሽ ጎማ ከጠርዝ ከወደቀች ሰውየው ይከተላታል።

ሰ. እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። እስከዚያ ማንም አይውጣበት።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ወይም አከራዩ ኮንክሪት ካልፈቀደ፣ በቱቦላሬ ተበይዶ ገጹ ሻካራ በሆነ ላሜራ የተሸፈነ ተነቃይ ራምፕ አሠሩ። ልኩ ያው 1 ለ12 ነው። ላይኛው ጫፉ ደፉን የሚነክስ መንጠቆ ይኑረው፤ ያለዚያ የወንበሩ ክብደት ወደ ኋላ ገፍቶ ያስወጣዋል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የተገነባ ራምፕ ሲፈርስ ማየት ከመጀመሪያው ካለመገንባቱ ይብሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን አጋድማችሁ «ለጊዜው» ብላችሁ አታውጡት። ጣውላዎቹ ይለያያሉ።

4. በሮችና የብረት በሩ ደፍ

በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ የሚቀረው ባዶ ስፋት ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ይሁን፤ 90 ከሆነ እሰየው። ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ከጎደላችሁ የውስጥ በሩን አውልቃችሁ መጋረጃ ስቀሉ፤ የመዝጊያው ውፍረት ብቻ 4 ሳንቲሜትር ያህል ይመልስላችኋል። የመኝታ ክፍሉንና የመጸዳጃውን በር ግን በመጋረጃ አትተኩ፤ ሰው ሊቆልፈው የሚችል በር ያስፈልገዋል። በጭቃ ቤት የበሩን ግራና ቀኝ ቋሚ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት ጣሪያውን በደገፋ አስይዙ፤ ቋሚው የተሸከመው በሩን ብቻ አይደለም።

ደፍ ከ2 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ ሁሉም የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ የግቢው ብረት በር። ትልቁ በር ውስጥ ያለችው የሰው መግቢያ ከታች በኩል የጉልበት ግማሽ የሚደርስ ብረት አላት። እኔና እናንተ ቤቱን ሁሉ አስተካክለን ሰውየው በዚያች ብረት ምክንያት ግቢ ውስጥ ይታሰራል። በያጁ የታችኛውን ብረት ቆርጦ መሬት ላይ በሚተኛ ጠፍጣፋ ብረት ይተካው፤ ክፈፉ እንዳይላላም ማዕዘኖቹን ያጠናክር። መቀርቀሪያውን ወደ 90 ሳንቲሜትር አውርዱት፣ በሩ ላይም አንድ ክንድ ገመድ እሰሩ። ከወጡ በኋላ በሩን ከኋላ ስቦ መዝጋት ያለ ገመድ አይሆንም።

5. አልጋ

የአልጋው ከፍታ ከነፍራሹ ከወንበሩ መቀመጫ ጋር እኩል ይሁን። ፍራሹ ሰው ሲቀመጥበት ስለሚሰምጥ ሰው አስቀምጣችሁ ለኩ። አልጋው ከፍ ካለ እግሩን ቁረጡ፤ ዝቅ ካለ እግሩ የሚገባበት ጉድጓድ ያለው እንጨት አስገቡበት። ብሎኬት ላይ ብቻ የተቀመጠ አልጋ ሰው ሲዛወር ይንሸራተታል። አንድ ጎኑ 90 ሳንቲሜትር ባዶ ይተው።

አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ መስታወት ለውበት አይደለም። አከርካሪው የተጎዳ ሰው መቀመጫው ቢቆስል አይሰማውም። ማታ ማታ መቀመጫውን፣ የጅራት አጥንቱንና ተረከዙን ራሱ በመስታወት ይይ። ቀይ ሆኖ ጫናው ከተነሣለት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልጠፋ ቦታ ካለ በዚያ በኩል አይቀመጥ፣ አይተኛ፤ ቆዳው ከተከፈተ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቀን ላይ በየ15 እና በየ30 ደቂቃው መሐል ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ዘንበል እያለ መቀመጫውን ያሳርፍ። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ትራስ አትግዙ፤ በጠርዙ ደም እያፈነ ቁስሉን ያብሳል።

6. መጸዳጃ

በብዙ ቤት የዝርዝሩ አንደኛ ይህ ነው።

መንገዱን አስተካክሉ። ከቤት እስከ መጸዳጃ ያለው መሬት በክረምት ጭቃ ከሆነ 1 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት መተላለፊያ አፍስሱ። ያኛው ሁሉ ተሠርቶ ይህ ከቀረ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዳልተሠራ ቁጠሩት።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ሰው ውስጥ ከወደቀ ገላው ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ይዘጋዋል፤ ሊረዳው የመጣ ሰውም ውጭ ይቀራል።

መቀመጫ ሥሩ። መጸዳጃው ጉድጓዱ ላይ ቁጢጥ ለማለት የተሠራ ከሆነ ከቱቦላሬ የተበየደ አራት እግር ያለው መቀመጫ፣ ከፍታው ከወንበሩ ጋር እኩል፣ እግሮቹ ወለሉ ውስጥ በኮንክሪት የተቀበሩ ይሁን። ላዩ ጣውላ፣ ጠርዙ በሙሉ የተድቦለቦለና የተላገ። በስለት የተበሳ የፕላስቲክ ወንበር የሚያመጡ አሉ። ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ የማይሰማውን ቆዳ ይቆርጣል።

መያዣ ብረት ግጠሙ። ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ውጪው 33 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን ለጭብጥ ልክ ነው። ከመቀመጫው ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው 4 ሳንቲሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ የሚርቀው እጅ እንዲገባ ነው፣ በጣም ከራቀ ግን ክንድ ሾልኮ ይያዛል። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ብሎኬቱን ሰርስራችሁ በኮንክሪት ቅበሩት። የጭቃ ግድግዳ ላይ ፈጽሞ አትምቱት። ቧንቧውን በሁለት ቋሚ አስበይዳችሁ ቋሚዎቹን 50 ሳንቲሜትር መሬት ውስጥ በኮንክሪት ቅበሩ። ከሳምንት በኋላ ከቤተሰቡ ከባዱን ሰው አምጥታችሁ አንጠልጥሉት። እሱ ካልነቀለው ለወንድማችሁ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ የገላ መታጠቢያ ውሃን ሙቀት በእግሩ እንዳይለካ። የማይሰማ እግር እየተላጠም ዝም ይላል። በእጅ አንጓው ወይም በክርኑ ይሞክረው።

7. ማዕድ ቤት

መክተፊያ ጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር ከፍታ ይኑረው፤ ሥሩ ባዶ ሆኖ ጉልበት ይግባበት። ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የራሱ ቁመት አለው። 75 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ገጹ የጋጋሪዋ ብብት ሥር ይደርሳል፤ ሊጡን ለማዞር ክንዷ እንፋሎቱ ላይ ይንጠለጠላል። ጠረጴዛውን ቆርጠን ምጣዱን እናስምጠው የሚሉ አናጢዎች አጋጥመውኛል። አይሆንም፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ በቀጥታ ከማይሰማ ጉልበት በላይ ይሆናል። መፍትሔው ለምጣዱ ዝቅ ያለ የራሱ ጠረጴዛ መሥራትና ወንበሩን በጎን ማስጠጋት ነው። የምጣዱ ገጽ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ የጠረጴዛውን እግር ቁረጡ። በምጣዱ በኩል ያለው የክንድ ማሳረፊያ የሚነቀል ከሆነ ይነቀል። ክዳኑ ቀላል አልሙኒየም፣ መያዣው ወደ እሷ የዞረ ይሁን። እንጀራው ከምጣዱ እኩል በተቀመጠ ሌላ ጠረጴዛ ላይ በሰፌድ ይውጣ፤ ጭን ላይ አይቀመጥም።

ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይጎትታል። ማከፋፈያ ገመድ ላይ አትሰኩት። ለእሱ ብቻ የተዘረጋ ባለ 4 ሚሊሜትር ሽቦና ሶኬት ያስፈልገዋል።

ለቡናው ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ወለል ላይ ወዳለ የከሰል ምድጃ ወደ ፊት ያጎነበሰ ሰው ከነወንበሩ ይገለበጣል፤ የሚገለበጠውም ፍሙ ላይ ነው። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ። የወግ አጥባቂ አክስቶች ተቃውሞ ካለ የጢሱን ነገር በዕጣን ማካካስ ይቻላል።

ዕቃ ለማመላለስ ጠርዝ ያለው ትሪ ጭን ላይ ይቀመጥ፤ ሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። የፈላ ነገር ግን በትሪም አይጓጓዝ።

8. ውሃና መብራት

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ከወንበር ላይ የሚያነሣው የለም። ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ቧንቧው ከመሬት 60 ሳንቲሜትር፣ ሥሩ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። ማብሪያ ማጥፊያዎችን ወደ 1 ሜትር አውርዱ፤ ሶኬቶችን ከ40 ሳንቲሜትር በላይ አድርጉ።

9. ከበሩ ወዲያ

ቤቱ ካለቀ በኋላ ሰውየውን ይዛችሁ አራት መንገድ ሂዱ፦ ወደ ሱቅ፣ ወደ ታክሲ መያዣ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ወደ ወረዳ። አትግፉት፤ ከጎኑ ሂዱና የት እንደሚቆም ጻፉ። ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው የቦይ ክዳን ነው። በክዳኖቹ መሐል ያለው ክፍተት የፊት ጎማን ይውጣል፤ ጎረቤት አስተባብራችሁ አንድ የአርማታ ክዳን መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ስለሚሰኩ ክብደቱን ወደ ኋላ ጎማ አድርጎ መንዳትን ይለማመድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ሰው ይቁም። ጭቃ ካጋጠመ ወንበሩን አዙራችሁ ወደ ኋላ ሳቡት እንጂ አትግፉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ቢሮው ደረጃ ብቻ ካለው ተሸክማችሁ አታስገቡት፤ ሠራተኛው ወርዶ እንዲያስተናግደው ጠይቁ፣ አቤቱታችሁንም በጽሑፍ ተዉ። ተሸካሚ እስካለ ድረስ ራምፕ የሚሠራ የለም።

ስልኩ፣ የባንክ ደብተሩና የፋይዳ መታወቂያው በራሱ እጅ ይሁኑ። ዕድሩንም እንዲሁ። «በወንድሙ ስም እንያዘው፣ እሱ ምን አስቸገረው» ይላሉ፤ ደግ መስሏቸው ነው። በራሱ ስም ይመዝገብ፣ መዋጮውን ራሱ ይክፈል፣ ተራም ይሰጠው። ድንኳን መትከል ካልቻለ መዝገብ ይይዛል፣ ስልክ ይደውላል፣ ገንዘብ ይሰበስባል። ከተራ ነፃ የወጣ ሰው ቀስ በቀስ ከስብሰባውም ይቀራል። የዕድሩን ዳኛ አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፦ ድንኳኑ ሲተከል መግቢያው ከቦይ ማዶ አይሁን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የላላ ጎማ። የአብዛኛው ዊልቸር ፍሬን የሚሠራው ጎማውን ተጭኖ ነው። ጎማው ሲተነፍስ ፍሬኑ ተጎትቶም አይዝም፤ ሰውየው ወደ አልጋ ሲዛወር ወንበሩ ይሸሻል። በሳምንት አንድ ቀን ንፉት።

ወንበሩን ሳይጠይቁ መግፋት። እጁ ቀለበቱ ላይ እያለ ከገፋችሁት ጣቱ ጎማው ውስጥ ይገባል።

ዕቃ ማዛወር። ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ሶፋው ይሳባል፣ መተላለፊያው ላይ የጫማ መደርደሪያ ይበቅላል። ወለሉ ላይ የወንበሩን መንገድ በቀለም አስምሩ፤ ከመስመሩ ውስጥ ምንም አይቀመጥ።

10. ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ቁጠሩ

ያንኑ ደብተር አውጡና ሁለት ቀን መዝግቡ። ያልጠፉ ጥሪዎች ሲኖሩ መጀመሪያ መጠኑን መርምሩ፤ ብዙውን ጊዜ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። አዲስ ጥሪዎችም ይገባሉ፤ ማዕድ ቤት የገባ ሰው ከላይኛው መደርደሪያ በርበሬ ይፈልጋል፣ በር የወጣ ሰው የታክሲ ሹፌር ይፈልጋል። እነዚህን ጻፉና ከደረጃ 2 ጀምሩ።